ስምህን ያልጠራው ሚኒስትር

ጉሌድ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። አዎ፣ ያ የእኛ ጉሌድ፤ ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሳለን በሩ ከበራችን ፊት ለፊት የነበረው፣ ዊንተር በመጣ ቁጥር ታክሲው አልነሳ እያለ ከአንተ ባትሪ በገመድ የምታስነሳለት ጉሌድ። የሶማሊያ የመከላከያ ሚኒስትር። ተሾመ፣ ቃለ መሐላ ፈጸመ፣ ወታደር ቆሞ ሰላምታ ሰጠው፤ በዓይኔ አየሁት።

ሰላምታዬን ዘለልኩት፣ ይቅር በለኝ፤ ወሬው አላስችል ብሎኝ ነው። ደሬ፣ የኔ ዓለም፣ እንዴት ነህልኝ? ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። መቃብርህ ጋ ስመጣ እንደማወራህ ታውቃለህ፣ ግን እዚያ ሰው ያየኛል እያልኩ አሳጥረዋለሁ፤ ማሳጠር ደግሞ አልተፈጠረልኝም። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፍልህ አልኩ። ደስታዬንም እነግርሃለሁ፣ ቅናቴንም እነግርሃለሁ። ቅናቱ ይበዛል፤ አስቀድሜ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን። ሜሮናችን አፕል ቫሊ ቤት ገዛች፤ እኔም አብሬያት ነኝ። የልብስ ማጠቢያው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፣ ቅርጫት ተሸክሞ ሦስት ፎቅ መውረድ ቀረ። እኔም ድራይቭ አደርጋለሁ። አትሳቅ። አንተ ስታሽከረክር የበሩን እጀታ አንቄ “ቀስ፣ ቀስ” ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ ዛሬ ሪችፊልድ ካለው ነርሲንግ ሆም ደርሼ የምመለሰው በሀይዌይ ነው። ሥራዬ ያው ኩሽና ነው፤ አዛውንቶቹ ተቀያየሩ እንጂ ሾርባው አልተቀየረም። ሰማያዊ ጃኬትህ አሁንም መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ሜሮን ልታነሳው ስትል “ይቆይ” አልኳት፤ ቆየ።

ወሬውን የሰማሁት ምሳ እያቀረብን ሳለ ነው። ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው የሞተ መስሎኝ ከፈትኩት። አንድ ቪዲዮ ነው፤ የማውቀው ሰው ሁሉ ሸር አድርጎልኛል። “ይህ ሶማሌ ከእኔ ልጆች የተሻለ አማርኛ ያወራል” ብለው ጽፈውበታል። ባየው፣ ጉሌድ ነው። ሱፍ ለብሶ፣ ጢሙን አሳጥሮ፣ ከኋላው ባንዲራ ተተክሎ፣ ለአማርኛ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። ከሥሩ ሹመቱ ተጽፏል። ሰሃኑን አስቀምጬ ለምግብ ቤቱ ሁሉ በዚያ እንግሊዝኛዬ አወራሁ፤ ይህ ሰው ጎረቤቴ ነበር፣ ልጆቹን ይዤለታለሁ፣ ሲያስለው ሾርባ ልኬለታለሁ አልኩ። አንዲት አሮጊት “ልጅሽ ነው?” አለችኝ። በደስታዬ አዎ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ደስታው ያን ሰሃን እስካነሳ ቆየ። ከዚያ ቅናት መጣ።

አንተ ቅናተኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ በማን እንደምቀና ግን በትክክል አታውቅም ነበር። አንዴ “በሴት ነው የምትጠረጥሪኝ?” ብለህ ስቀህብኛል። በሴት ቢሆንማ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። የቀናሁት በጉሌድ ነው። ትዝ ይልሃል፣ ኤርፖርቱ ጋ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ፤ አንድ ተሳፋሪ ለማግኘት ሁለትና ሦስት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ሌላው ሰው ካርታ ይጫወታል፣ ይተኛል፣ ስለ አገሩ ፖለቲካ ይጣላል። እሱ ያኔ ሴንት ፖል ኮሌጅ ገብቶ ስለ አገሮች ግንኙነት ይማር ነበርና፣ “ጋሼ፣ ጎረቤቴ የሚናገረውን ሳላውቅ እንዴት ዲፕሎማት እሆናለሁ?” አለህ። አንተም የእሱ መኪና ማሞቂያ ስለማይሠራ ከአንተው ጋቢና አስቀምጠህ ፊደል አስጀመርከው። ሦስት ዊንተር ሙሉ።

ድሬዳዋ የዘጠነኛ ክፍል አማርኛ መምህር ነበርክ። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ሰው አንተን የሚጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደርሳለን። ከዚያ ይህ ልጅ መጥቶ ደብተር ዘረጋና መምህር አደረገህ። እኔ ደስ ላሰኝህ ስንት ዓመት የለፋሁበት ፊት፣ በአንድ ድርሰት እርማት ሲበራ አየሁ። ቤት ስትመጣ ስለ እሱ ነው የምታወራው። ጉሌድ ዛሬ እንዲህ ብሎ ጻፈ፣ ጉሌድ ዛሬ ጋዜጣውን ሳይደናቀፍ አነበበ። እኔ ጸጉሬን ተሠርቼ ፊትህ ተቀምጫለሁ፤ አንተ የጉሌድን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ታርማለህ።

ፊደል ብቻ ቢሆን ጥሩ። ሰዉን ነው ያስተማርከው። ባለሥልጣን ሻይ አቅርቦ ግማሽ ሰዓት ስለ ልጆችህ ሲጠይቅህ ጊዜ እያባከነ አይደለም፣ እየመዘነህ ነው፤ ሰዓትህን እንዳታይ አልከው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ በል፣ ተቀመጥ ሳትባልም እንዳትቀመጥ። የቀረበልህን ምግብ ሁለቴ እንቢ በል፣ ሦስተኛው ላይ ብላ። ይህንንማ እኔ ላይ ነው የተለማመደው። ቤታችን መጥቶ ሁለቴ እንቢ ሲለኝ እኔ አውቄ ሰሃኑን አነሳሁበት፤ አንተ ጠረጴዛው ሥር በእግርህ መታኸኝ። ሳህራ፣ ሚስቱ፣ ይህን ስትሰማ እስክታነባ ነበር የሳቀችው።

ከዚያ አዲስ አበባ ኤምባሲያቸው ሁለተኛ ጸሐፊ አድርጎ ወሰደው። አማርኛ የሚያነብ ሰው አጥተው ነበርና ከሁሉ አስቀደሙት። አንተ ኤርፖርት አድርሰኸው ስትመለስ ከመኪናው ሳትወርድ ብዙ ተቀመጥክ፤ በመስኮት አየሁህ፣ አልነገርኩህም። ከዚያ አማካሪ ሆነ፤ ከዚያ ሌላ አገር አምባሳደር ሆነ፤ ከዚያ ተመልሶ የውጭ ጉዳይ ምክትል። በሁለቱ አገሮች መካከል ነገር በከረረ ቁጥር የሚላከው እሱ ነው፤ የሚያናግሩትን ሰዎች በቋንቋቸው የሚሰማ እሱ ብቻ ነዋ። በየሹመቱ መጀመሪያ የሚደውለው ለአንተ ነበር። አንተም ስልኩን ዘግተህ “ተሾምን” ትላለህ። “እኛ ማን?” እልሃለሁ። “አንተ ነገ የታክሲህን ዘይት ልትቀይር ነው።” አንተ ግን ደስታህ አይቀንስም ነበር። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኸው ደስታህ ነው።

በሳህራም ቀናሁ። በአንድ ደረጃ የምንወጣ የምንወርድ ሴቶች ነበርን፤ እሷ እዚሁ ከልጆቿ ጋር ቀረች፣ እሱ በዓመት ሁለቴ ይመጣል። ብቻ በየበዓሉ ሄዳ ፎቶ ትልክልኛለች፤ በወርቅ ክር የተጠለፈ ቀሚስ ለብሳ ከመሪዎች ሚስቶች ጋር ቆማ። “እንኳን ደስ አለሽ” ብዬ ልብ እልክና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ እደፋዋለሁ። የእኔ ባል አስተምሮት የእሷ ባል አምባሳደር ሆነ። ይህን ነገር በየትኛው ወገን ባገላብጠው አልዋጥ አለኝ።

አሁን ሳልነግርህ የቀረሁትን ልንገርህ። ሆስፒታል በነበርክበት በመጨረሻው ሳምንት ጉሌድ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሁለቴ በእውነት ተኝተህ ነበር። በሦስተኛው አልተኛህም። ዓይንህ ተከፍቶ መስኮቱን ታያለህ። እኔ ስልኩን ይዤ ኮሪደር ወጣሁና “ተኝቷል” አልኩት። ሦስት ዊንተር ወስዷል፣ እነዚህ ቀኖች የእኔ ናቸው ብዬ ነው። ስመለስ “ማን ነው?” አልከኝ፤ “ከሥራ ነው” አልኩህ። በማግስቱ “ጉሌድ አልደወለም?” ብለህ ጠየቅከኝ። ከቀትር በኋላ ደግመህ ጠየቅከኝ። አልደወለም አልኩህ። እሱ በአራተኛው ሲደውል አንተ አልነበርክም። ለቀብርህ መምጣት አልቻለም፤ በስልክ አለቀሰና “እትዬ ጸዳለ፣ ጋሼ ስለ እኔ ጠየቀ?” አለኝ። አልጠየቀም አልኩት።

ይህን ይዤ ነው ያን ቪዲዮ ያየሁት።

ደሬ፣ በእሱ አፍ የምትናገረው አንተ ነህ። ጋዜጠኛዋ ከባድ ጥያቄ ስትጠይቀው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ “ነገሩን ከእግሩ እንያዘው” አለ። ይህን ከአንተ ሌላ ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅህን ካጣሁት አራት ዓመት አልፎኛል፤ የስልክ መልእክትህ እንኳን ስልክ ስቀይር ጠፍቶብኛል፤ እሱ ግን ይዞህ ይዞራል። አረፍተ ነገር ስትጨርስ ድምፅህን ዝቅ የምታደርጋትን እንኳን ይዟታል። የራስህ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ሚኒስትሩ በአንተ አማርኛ ያወራል። ከዚህ በላይ ምን ያስቀናል?

ከዚያ ጋዜጠኛዋ አማርኛውን ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። እኔ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። አሁን ይጠራሃል አልኩ። “ሚኒሶታ ሳለሁ አንድ ጋሼ ነበረኝ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እሱ አስተማረኝ” አለ። አለቀ። ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። አንድ ጋሼ። እኔ ደግሞ አራቴ አጫወትኩት፤ ምናልባት ስምህ ያመለጠኝ እንደሆነ ብዬ። አልጠራህም። የመጣልኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ጋሼ ሲሞት ረስቶኝ ነበር” ብሎ ተቀይሞ ነው ያልጠራህ፣ ይህን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሜሮን “እማ፣ ሌት ኢት ጎ” አለችኝ። እሷ መተው ትችላለች። እኔ ለሳህራ ደወልኩ፤ ካወራን ዓመት ሊሞላን ነው። የእኔን እንግሊዝኛና የእሷን አማርኛ ደባልቀን ነው የምንግባባው፤ ወላል ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። “እንኳን ደስ ያለሽ” አልኳት፤ አመሰግናለሁዋን ሳትጨርስ “ባልሽ ግን የደረጀን ስም ረሳው?” አልኳት።

ሳህራም “ወላል፣ ስሙን ረስቶት ይመስልሻል? ደብቆት ነው” አለችኝ። ያ ቪዲዮ ከወጣ ጀምሮ እዚያ አገሩ የሐበሻው ሚኒስትር እያሉት ነው አለች። ጦሩን ለማን ሰጣችሁት ይላሉ። አማርኛ በመናገሩ ብቻ እንዲህ ካሉት፣ የመምህሩን ስም ቢሰሙ ስሙን ፈልገው፣ ሰላይ ነበር ብለው፣ ኮሎኔል ነበር ብለው፣ የሜሮንን ፎቶ ከኢንተርኔት አውጥተው ይለጥፋሉ አለች። “እናንተን ነው የደበቀው፣ ራሱንም ደበቀ፤ ዋሽቼ አልነግርሽም” አለችኝ።

እኔም ወደ ኋላ አላልኩም። ያም ሆኖ ባለ ባንዲራ መኪና ያላት አንቺ ነሽ አልኳት። ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። “የዚያ መኪና መስታወት ጥይት አያስገባም፣ ለምን እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? እሱ ስልክ ባላነሳ ቁጥር ዜና እከፍታለሁ። አንቺ ባልሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። እኔ በአንቺ ነው የምቀናው” አለችኝ። የአንቺ ባል ስልክ የማንሳት ዕድል እንኳን አለው ልላት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሁለት ቅናተኛ ሴቶች ቻው ተባብለን ስልኩን ዘጋን።

በማግስቱ እሱ ራሱ ደወለ። ሳህራ ነግራው ነው። “እትዬ” ሲለኝ ያው የድሮው ልጅ ነው፤ ክቡር ሚኒስትር ልለው አስቤ ነበር፣ አልወጣልኝም። ሌላ ነገር ከማውራታችን በፊት ነገርኩት። “ጠይቆህ ነበር። ሁለቴ ጠይቆሃል። ተኝቷል ያልኩህ ቀንም አልተኛም ነበር” አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ “አለህ?” አልኩት። “አለሁ። ምን ብሎ ነው የጠየቀው?” አለ። “ጉሌድ አልደወለም ወይ ብሎ” አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ከኋላው ሰዎች ይንጫጫሉ፣ በር ይዘጋል። ሲመለስ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። “እትዬ፣ ለአራት ዓመት ረስቶኛል እያልኩ ነው የኖርኩት” ብቻ አለኝ።

ከዚያ ልጆቹን ለማየት ለሦስት ቀን እንደሚመጣ ነገረኝ። ሳህራ የሹመቱን ድግስ ትደግሳለች፣ ካሜራ የያዙ የአገሩ ልጆችም ይመጣሉ፤ እዚያ ቆሞ ስምህን ከነአባትህ እንደሚጠራ ነገረኝ። የሚሉትን ብለዋል፣ አሁን ደግሞ ይጨምሩ አለ። እኔ የምመኘው ይህ ነበር አይደል? ሲለው ግን ፈራሁለት። “ተው፣ ሥራህን ያበላሽብሃል” አልኩት። “ጋሼን ደብቆ የተገኘ ሥራ ተበላሽቷል” አለኝ። ደሬ፣ ይህን ያልከው አንተ ነህ ወይስ እሱ? መለየት አቃተኝ። ሜሮንንም ጠየቅኳት፣ ስማችን ይነሳል፣ ፎቶሽ ይወጣል ብዬ። ትከሻዋን ነቅንቃ የአባቴ ስም ነው አለችኝ። ይህችን በአማርኛ ነው ያለችው።

እኔ ግን አንድ ነገር ለጉሌድ አስረግጬ ነገርኩት። ስምህን መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ሚኒስትር ሆነ ማርሻል ሆነ፣ ተራ ይጠብቃል፤ ተራ መጠበቅ ታክሲ ሜዳ ተምሯል። ሳቀና እሺ አለ። ይህን ደብዳቤ በኮሚዩኒቲያችን ጋዜጣ እንዳወጣው ራሱ ፈቅዷል፤ አነበዋለሁም ብሏል። ያነበዋል እንጂ፣ አንተ አስተምረኸው። ለሜሮን ግን ትናንት ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። የሆስፒታሉ ኮሪደር ወሬ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፣ “አንብቢ” አለችኝ፣ አነበብኩ።

በድግሱ ነገር ደግሞ ሌላ ጠብ። ሳህራ አስር ፍየል አለች። የእኔ ሰዎች ሙስሊም ያረደውን አይበሉም፣ ታውቂያለሽ አልኳት። የእኔም ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጠረጴዛ እናድርግ አለች። ሁለት ጠረጴዛ አይሆንም አልኩ፤ ስምህ ሲጠራ ግማሹ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ድስት ሲያማስል አልፈልግም። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ደወለችና “ወላል፣ ጉሌድ ከታክሲ ሜዳው ረቡዕና ዓርብ ጠግቦ ነበር የሚመጣው፣ በሌላው ቀን ርቦት። ለምንድነው?” አለችኝ። ለምን እንደሆነማ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ረቡዕና ዓርብ የምቋጥርልህ የጾም ምግብ ነው። ሥጋ ከሌለበት ማን አረደው የሚባል ነገር የለም፣ ከአንድ ሳህን ትበሉ ነበር። እኔ ለባሌ ብዬ የቋጠርኩትን ሽሮ ግማሹን የወደፊት ሚኒስትር ሲበላው ኖሯል፤ ይሄም ያስቀናኛል። ግን ነገሩ ተፈታ። በጾም ቀን ድግስ የሚደግስ ሐበሻ አይተህ ታውቃለህ? እኛ ልንሆን ነው። እኔ ምስር፣ ሱፍና ጎመን፣ እሷ ሩዝና የምስር ሳምቡሳ፣ አንድ ጠረጴዛ።

ደሬ፣ አልረሳህም። በዚህ ቤት ደስታ ሲመጣ ስምህ ሳይጠራ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ይህን ራሴንም ሜሮንንም ቃል አስገብቻለሁ። ቅናቴን ግን እተዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ሳህራም አልተወችም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ደረጀ ወልደሰንበት ታክሲው ውስጥ ያሳፈራችሁም፣ ቤታችን የበላችሁም፣ የማታውቁንም፣ ኑ። ቦታው ኮሎምቢያ ሃይትስ የድሮው አፓርትመንታችን ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ነው። እነሱ ጁምዓ ሰግደው፣ እኛም ጾሙ ሊፈታ ሲል እንገናኛለን። ሚኒስትሩን ለማየት ብላችሁ አርፍዳችሁ እንዳትመጡ፤ እሱ የሚናገረው ከእኔ ቀጥሎ ነው። የፊታችን ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።